ሰርቨርም እንደ ሒሳብ መዝገብ በጽሑፍ ይተዳደር

አንድ ነጋዴ የሱቁን ቁልፍ ለሠራተኛው አደራ ሲሰጥ ሁለተኛውን ቁልፍ በእጁ ያስቀራል። ገንዘብ ተቀባዩም የዕለቱን ሽያጭ በቃሉ ነግሮ እንዲሄድ አይፈቅድለትም፤ በደረሰኝና በመዝገብ እንዲያስረክብ ያደርገዋል። ይህ ጥንቃቄ ሠራተኛን ከመጠርጠር የመጣ አይደለም። ሰው የሚታመም፣ የሚረሳ፣ ወደ ሌላ ሥራም የሚሄድ ሲሆን የንግድ ቤት ሥራ ግን መቋረጥ ስለሌለበት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የሚጠነቀቅ ነጋዴ፣ የሒሳቡን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱንና የደንበኞቹን መዝገብ በሙሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ካኖረ በኋላ፣ ሰርቨሩ የሚተዳደርበትን ዕውቀት አንድ ባለሙያ ብቻ በጭንቅላቱ ይዞት እንዲዞር ሲፈቅድ ይታያል። እንግዲህ ለነጋዴዎች ማሳሰብ የሚያስፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሰርቨር በተጻፈ ትእዛዝ እንዲተዳደር፣ የተጻፈውም ትእዛዝ የንግድ ቤቱ ንብረት ሆኖ እንዲቀመጥ ነው።

ቀድሞ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ኮምፒዩተር መግዛት ግድ ነበር፤ አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ለዕቃ ቁጥጥር፣ ሌላው ለደብዳቤና ለሰነድ። የአብዛኛዎቹም ጉልበት ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። አሁን ግን አንድ ብርቱ ሰርቨር ይገዛና በውስጡ ብዙ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ይቋቋሙበታል። ነገሩ በመርካቶ እንደሚታየው እንደ አንድ የንግድ ሕንፃ ነው። መሬቱ፣ ግድግዳው፣ የውሃና የመብራቱ መስመር የጋራ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍና የራሱ ዕቃ አለው፤ የአንዱ ሱቅ መዘጋትም ሌላውን አያዘጋም። ሕንፃው አስተናጋጅ ሰርቨር፣ ተከራዮቹ እንግዶች፣ ተከራዮቹን የሚያስተዳድረው የሕንፃው ሹም ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የመግዣ ገንዘብ፣ መብራትና ቦታ ይቆጠባል። አደጋውም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ ሕንፃው የተቃጠለ እንደ ሆነ ተከራዩ ሁሉ አብሮ ይቃጠላል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው አይቢኤም ኩባንያ በማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅ ከተማ በነበረው የምርምር ክፍሉ ሲፒ 67 የተባለውን ሥርዓት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ ሲያውለው፣ አንዱ ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች እንደ ብዙ ኮምፒዩተር ሆኖ ያገለግል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1972ም ቪኤም 370 ተብሎ ለኩባንያው ደንበኞች ቀረበ። በተራ ኮምፒዩተሮች ላይ ነገሩን በሰፊው ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኬቪኤም የተባለው ሥርዓት ከሊኑክስ ዋና አካል ጋር ተዋሕዶ ያለ ፈቃድ ክፍያ ለማንም ክፍት ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩት ሠራተኞች ማውስም ሥዕላዊ መስኮትም አልነበራቸውም፤ የጽሕፈት መኪና በሚመስል ተርሚናል ላይ ትእዛዝ እየጻፉ እንግዳውን ኮምፒዩተር ያስነሡ፣ ያቆሙም ነበር። ይህ የትእዛዝ መስመር እስከ ዛሬ ድረስ አልጠፋም።

በአሁኑ ጊዜ አስተናጋጅ ሰርቨርን ለማስተዳደር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሥዕላዊ መስኮት ነው፤ ሠራተኛው ማውሱን ይዞ ከዝርዝር እየመረጠ ይጫናል። ሁለተኛው በትእዛዝ መስመር ነው፤ ሠራተኛው የሚፈልገውን ሥራ በቃላት ጽፎ ያስፈጽማል። የመጀመሪያው ለዓይን ያማረ፣ ለጀማሪም የቀለለ ነው። ነገር ግን መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ሥራውን እንደ ገና ለመድገም የሚያስችል ጽሑፍ ለንግድ ቤቱ አይተርፈውም። አንዳንዱ መስኮት የተሠራውን ሥራ ዝርዝር ቢይዝም፣ ሌላ ሰው ያንኑ ሥራ በሌላ ሰርቨር ላይ እንዲደግመው አያደርገውም። ሁለተኛው መንገድ ግን ከጥንቱም ጽሑፍ ነው። ዛሬ የተጻፈው ትእዛዝ ነገ ይገለበጣል፤ በቀኑ ይመዘገባል፤ ለተተኪ ሠራተኛ ይሰጣል፤ ስሕተት ቢኖርበትም ይመረመራል። በቃል የተነገረ ሽያጭና በደረሰኝ የተቆረጠ ሽያጭ እንደሚለያዩ፣ ሁለቱ መንገዶችም እንዲሁ ይለያያሉ።

ለምሳሌ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉት አንድ የብረታ ብረት አስመጪ ቤት ይታሰብ። ቅዳሜ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ዩፒኤሱም ባትሪውን ጨርሶ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ይነሣል፤ የዕቃ መዝገቡን የያዘው እንግዳ ግን አይነሣም። ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ ከአንድ ወር በፊት ሥራ ለቋል። በእርሱ ፈንታ የተጠራው ሰው የትኛው እንግዳ ምን እንደሚሠራ፣ የትኛውም ዲስክ የት እንደ ተቀመጠ የሚነግረው አላገኘም። በዚያው ሰዓት ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የጫነ መኪና በበር ቆሟል፤ ደንበኛው ዋጋ ይጠይቃል፤ ግምጃ ቤት ጠባቂው የሚያስገባውን ዕቃ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ግማሽ ቀን የፈጀው የዚህ ሁሉ ችግር መነሻ ግን አንድ አጭር ትእዛዝ ከአንድ ዓመት በፊት ሳይጻፍ መቅረቱ ሊሆን ይችላል።

ያ ትእዛዝ «ቪርሽ አውቶስታርት» ይባላል። ቪርሽ በሊኑክስ አስተናጋጅ ሰርቨሮች ላይ ከተለመዱት የትእዛዝ መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ ሊብቨርት ከተባለው ሥርዓት ጋር ይመጣል። በማይክሮሶፍቱ ሃይፐር ቪ ላይ ፓወርሼል፣ በፕሮክስሞክስም ላይ ኪውኤም የተባለው ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ትእዛዞቹ በሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። «አውቶስታርት» ከእንግዳው ስም ጋር ሲጻፍ፣ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ያ እንግዳ አብሮ እንዲነሣ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ያልተሰጠው እንግዳ፣ ሰው መጥቶ «ቪርሽ ስታርት» ብሎ እስኪያስነሣው ድረስ ተኝቶ ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነጋዴው ትእዛዞቹን በገዛ እጁ እንዲጽፍ አይጠበቅበትም። ነገር ግን የሒሳብ ሹሙን ሲቆጣጠር ዴቢትና ክሬዲት ምን እንደ ሆኑ ማወቅ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ የጥቂቶቹን ትእዛዞች ትርጉም ማወቁ ይጠቅመዋል። «ቪርሽ ሊስት» የሚለው በሰርቨሩ ላይ ያሉትን እንግዶች ይዘረዝራል፤ ሆኖም «ኦል» የሚለው ቃል ካልተጨመረበት የሚያሳየው በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው፣ የቆመውን እንግዳ ከዝርዝሩ ሲያጣው መዝገቡ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ደንግጦ አዲስ ለመሥራት ይቸኩላል።

ከሁሉ ይልቅ መለየት የሚያስፈልገው የማቆሚያ ትእዛዞቹን ነው። «ሻትዳውን» የሚለው እንግዳውን በመልካም ሥርዓት ሥራህን ጨርሰህ ዝጋ ብሎ ያሳስበዋል፤ እንግዳውም የጀመረውን ጽሑፍ ፈጽሞ ይዘጋል። «ዲስትሮይ» የሚለው ደግሞ ስሙ በእንግሊዝኛ ማፍረስ ማለት ስለ ሆነ ያስፈራል፤ ሆኖም ዲስኩን አያፈርስም። ሥራው የመብራቱን ገመድ ከግድግዳ እንደ መንቀል ነው። የሒሳብ መዝገቡ በመጻፍ ላይ ሳለ ይህ የተደረገ እንደ ሆነ ግን መዝገቡ ሊበላሽ ይችላልና፣ እንግዳው ማሳሰቢያውን ሳይሰማ ሲቀር ብቻ በመጨረሻ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። «አንዲፋይን» የሚለው በአንጻሩ ስሙ ለስላሳ ሆኖ ሥራው ግን ከባድ ነው፤ የእንግዳውን ውል ከሕንፃው መዝገብ ይፍቃል። ለብቻው ሲጻፍ ዲስኩን አይነካውም፤ «ሪሙቭ ኦል ስቶሬጅ» የሚለው ሲጨመርበት ግን ዲስኩንም ጭምር ይደመስሳል። ተከራይን ማስወጣትና ዕቃውን ማቃጠል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን እዚህ ላይ የጥቂት ቃላት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻውን፣ በችኮላም እንዲጽፈው የሚፈቅድ የንግድ ቤት፣ ባዶ ቼክ ፈርሞ እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

ላኪዎች በቶሎ የሚረዱት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ለእንግዶች የሚሰጠው ዲስክ ብዙ ጊዜ በተስፋ የሚሰጥ ነው። አንድ ሰርቨር 1,000 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ኖሮት፣ ለአራት እንግዶች ለእያንዳንዳቸው 500 ጊጋባይት ሊሰጥ ይችላል። በጠቅላላው 2,000 ጊጋባይት ቃል ተገብቷል ማለት ነው። ይህ የሚቻለው፣ ቦታው የሚያዘው እንግዳው በጻፈው መጠን ብቻ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን በግምጃ ቤቱ 1,000 ኩንታል ሰሊጥ ብቻ ያለው ላኪ ለ2,000 ኩንታል ውል ሲፈርም ገዢዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን የመጡ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስበት ይታወቃል። ዲስኩ የሞላ ዕለት እንግዶቹ በሥራ ሰዓት ባሉበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በመስኮቱ ላይ 500 የሚለውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው አደጋውን አያውቀውም። «ኪውኢሙ ኢሜጅ ኢንፎ» የሚባለው ትእዛዝ ግን የተስፋውንና የተያዘውን መጠን ሁለቱንም ለይቶ ይናገራል፤ «ዲኤፍ» የሚባለውም በሰርቨሩ ላይ የቀረውን ቦታ ያሳያል። እነዚህን ቁጥሮች በየሳምንቱ በመዝገብ ማስፈር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የዕቃ ቆጠራን ያህልም ይጠቅማል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂም ብዙ ሰዎች ይሳሳታሉ። ስናፕሾት የሚባለው እንግዳው በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል፤ አዲስ ፕሮግራም ሲገባና ሲበላሽ ወደ ኋላ ለመመለስ በጣም ይረዳል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በዚያው ዲስክ ላይ ስለ ሆነ፣ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የደረሰኙን ቅጂ ከዋናው ደረሰኝ ጋር በአንድ መሳቢያ ማስቀመጥ ከእሳት አያድንም። እውነተኛው ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ ቢቻልም በሌላ ቤት የሚቀመጠው ነው። በሥራ ላይ ያለውን ዲስክ እንዲሁ በደፈናው መገልበጥም አይበጅም፤ ጸሐፊው እየጻፈ ሳለ ገጹን ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት ስለ ሆነ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለመካከለኛ የንግድ ቤት ቀላሉ መንገድ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በሌሊት እንግዳውን በሥርዓት አቁሞ፣ ዲስኩን ገልብጦ፣ መልሶ ማስነሣት ነው። ይህም ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ላይ ተራ በተራ ይጻፍና ክሮን የተባለው የሰዓት ጠባቂ በየሌሊቱ እንዲያስፈጽመው ይደረጋል። ማውስ በሌሊት ተነሥቶ አይሠራም፤ የተጻፈ ትእዛዝ ግን ይሠራል።

ከዲስኩ ጋር አብሮ መቀመጥ የሚገባው ሌላ ትንሽ ሰነድ አለ። «ቪርሽ ዳምፕ ኤክስኤምኤል» የሚለው ትእዛዝ የእንግዳውን መግለጫ ያወጣል፤ ምን ያህል ሜሞሪ እንዳለው፣ ስንት ፕሮሰሰር እንደ ተሰጠው፣ ዲስኩ የት እንዳለ፣ ከየትኛው ኔትወርክ ጋር እንደ ተያያዘ ሁሉ በግልጽ ጽሑፍ ይዘረዝራል። ሰነዱ በጥቂት ወረቀት ላይ ታትሞ በካዝና ሊቀመጥ ይችላል። ሰርቨሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል፣ በሌላ ሰርቨር ላይ «ቪርሽ ዲፋይን» ተብሎ ይኸው ሰነድ ሲሰጥና ዲስኩ ከቅጂው ሲመለስ፣ ጥቂት ማስተካከያ ቢያስፈልገውም እንግዳው በነበረበት መልክ ይቆማል። ሰነዱ ከሌለ ግን ባለሙያው ሁሉንም በግምት ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ስሙን ይፈርማልን? ሰርቨሩ የተጻፉትን ትእዛዞች በራሱ ያስታውሳል የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ባሽ የተባለው የትእዛዝ መቀበያ የተጻፉትን ያስቀምጣል። ነገር ግን ቁጥሩ የተወሰነ ስለ ሆነ አሮጌው በአዲሱ ይተካል፤ ካልታዘዘም በቀር ቀኑን አይጽፍም። ይልቁንም ሦስት ሰዎች በአንዱ ዋና ስም፣ ሩት በተባለው፣ የሚገቡ ከሆነ የማን ሥራ የማን እንደ ሆነ አይለይም። ለዚህ መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ ስም ሰጥቶ፣ ከባድ የሆነውን ሥራ ሁሉ «ሱዶ» በሚለው ቃል እንዲያስፈጽም ማድረግ ነው። ሱዶ የተባለው መሣሪያ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብሎ እንዳዘዘ ይመዘግባል። ይህ በቫውቸር ላይ እንደሚደረገው ፊርማ መሆኑ ነው፤ በደሉንም ከንጹሑ ይለያል። ታማኝ ባለሙያ ይህን ሲያዩበት ቅር አይለውም፤ ምክንያቱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው እርሱኑ ነው።

የትእዛዝ መስመር ለሩቅ ሥራም ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የተፈጠረው ኤስኤስኤች የተባለው መገናኛ የሚያመላልሰው ፊደላትን ብቻ ስለ ሆነ፣ ሥዕላዊው መስኮት በማይከፈትበት ደካማ መስመር ላይ እንኳ ይሠራል። የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ሰርቨር ሲታመም ባለሙያው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መጓዝ ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ይህ በር በይለፍ ቃል ብቻ ተዘግቶ ለዓለም ሁሉ የተተወ እንደ ሆነ ሌባም ይገባበታል፤ በቁልፍ ፋይል መዘጋት፣ የሚገባውም ሰው በስም መታወቅ አለበት።

የፈቃድ ዋጋንም ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ገዝቶ ካጠቃለለ በኋላ፣ በሚከተለው ወር፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ ከእንግዲህ እንደማይሸጥና በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ እንደሚተካ አስታወቀ። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ወረፋ ለለመደ ነጋዴ፣ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ኪራይ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ሥርዓት መሻገር የፈለገ ሰው ዕድሉ የተመካው በእጁ በነበረው ሰነድ ላይ ነው። የእንግዶቹን ዝርዝር፣ የዲስኮቹን ሥፍራና የሥራውን ቅደም ተከተል ጽፎ የያዘ፣ የቪኤምዌርን ዲስክ ወደ ኬቪኤም የሚለውጠውን ትእዛዝ እየጻፈ አንድ በአንድ ማሸጋገር ይችላል። ምንም ያልጻፈው ግን፣ ዋጋው ቢወደድበትም ባለበት ለመቆየት ይገደዳል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። የትእዛዝ መስመር ለስሕተት ምሕረት የለውም፤ መስኮቱ «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ፣ ትእዛዙ ዝም ብሎ ይፈጽማል ይባላል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህም ነው ከባዱ ትእዛዝ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ፣ በሁለተኛ ሰው ተነብቦ፣ በማይጎዳ እንግዳም ላይ ተሞክሮ መፈጸም ያለበት። ትልቅ ቼክ በሁለት ፊርማ እንደሚወጣ ማለት ነው። በማውስ የሚደረግን ስሕተት ግን አስቀድሞ አንብቦ ማረም የሚችል ሁለተኛ ሰው የለም። ሁኔታውን ለመመልከት ብቻ ሲሆን መስኮቱን መክፈት ነውር የለበትም፤ ለውጥ ሲደረግ ግን በጽሑፍ ይሁን። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የሽያጭ መሣሪያ ብቻ ያለው ባለሱቅም ይህን ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፤ ቅጂውን በደንብ መያዝ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሰርቨር ያለው የንግድ ቤት ባለቤት ከባለሙያው አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛ፣ የእንግዶቹ ስም፣ ሥራቸውና መግለጫቸው በወረቀት ታትሞ በካዝና ይቀመጥ፤ የዋናው መግቢያ ይለፍ ቃልም በታሸገ ፖስታ አብሮ ይኑር። ሁለተኛ፣ በሰርቨሩ ላይ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ከነትእዛዙ፣ ከነቀኑና ከነፈጻሚው ስም በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ከቅጂዎቹ አንዱ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ ይሞከር፤ ያልተሞከረ ቅጂ ገንዘብ መኖሩ ያልተጣራበት ቼክ ነው። አራተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው መዝገቡን ብቻ ይዞ፣ ባለሙያውን ሳይጠይቅ፣ አንድ እንግዳ አቁሞ ያስነሣ። ይህ ሰው ከተሳካለት ሰርቨሩ በእርግጥ የንግድ ቤቱ ነው፤ ካልተሳካለት ግን ሰርቨሩ የተገዛው በንግድ ቤቱ ገንዘብ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ሌላ ነው።

ለአራቱም ነገሮች የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ ትርፍ ዲስክና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው ንግድን ሲያወርሱ ከሱቁ ጋር መዝገቡን አውርሰዋል፤ ማን ስንት እንዳለበት በቃሉ ብቻ ይዞ የሞተው ሰው ወራሾች ግን ገንዘባቸውን ከሰው እጅ አላገኙም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ምሳሌ ሰርቨር ከመፈጠሩ በፊት የተነገረ ቢሆንም፣ ለሰርቨርም ጭምር የተነገረ ያህል ይሠራል።